ጩኸቱ ከየት መጣ? የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ድምፅ ታሪክና በአነስተኛ ወጪ የማርገቢያው መንገድ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ አንጻር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬውን ርእስ ለአዘጋጆቹ ባቀረብሁ ጊዜ አንድ ባልደረባዬ ጉዳዩ የታሪክ ትምህርት ክፍል ነው ወይስ የጥገና ክፍል ሲሉ ቀልደውብኛል። ቀልዱን በቁም ነገር ወስጄዋለሁ። ድምፅ መነሻ አለው፤ ከመነሻው ተነሥቶ እኛ ዘንድ የደረሰበት መንገድ አለው፤ የሚሸከመው ጆሮም አለው። እነዚህ ሦስቱ የሚታወቁለት ነገር ደግሞ ታሪክ ሊጻፍለት ይችላል። ዛሬ የምከራከርበት ነጥብ አንድ ነው። በቤታችንና በኮምፒውተር ክፍሎቻችን የሚጮኸው ዴስክቶፕ ለሌላ ክፍል፣ ለሌላ አየርና ለሌላ ባለቤት የተሠራ ማሽን ነው። ይህን ከተረዳን ጩኸቱን ለመቀነስ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከምንገምተው እጅግ ያነሰ ሆኖ እናገኘዋለን።

ነገሩን ከጽሕፈት መኪና ልጀምር። ኢንጂነር አያና ብሩ ከሁለት መቶ በላይ የሆኑትን ሆሄያቶቻችንን በጽሕፈት መኪና ቁልፎች ላይ ለማስፈር ከደከሙ በኋላ፣ የመሥሪያ ቤቶቻችን የጸሐፊዎች ክፍል በብረት ምት ድምፅ የሚታወቅ ሆነ። ዕድሜያችን ከሃምሳ ያለፈ ሰዎች ያንን ድምፅ ዛሬም በጆሯችን ይዘነዋል። የዚያ ድምፅ ጠባይ ግን ልብ ሊባል ይገባል። እጅ ሲቆም ድምፁም ይቆማል። ጸሐፊዋ የተጻፈውን ለማንበብ ቀና ስትል ክፍሉ ጸጥ ይላል። ጩኸቱ የሥራው ጩኸት ነበር፤ ሐሳብ የሚመጣው ደግሞ በምትና በምት መካከል ባለችው ዕረፍት ነበር።

የኮምፒውተር ጩኸት ከዚህ የተለየ ዘር አለው። እ.ኤ.አ. በ1946 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ ወደ 18,000 የሚጠጉ ቫኪዩም ቱቦዎች ነበሩት፤ የሚወስደውም ኃይል 150 ኪሎ ዋት ያህል ነበር። ይህ ሁሉ ኃይል መጨረሻው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱን ለማስወጣትም ትልልቅ የአየር መንፊያዎች ተገጠሙለት። እንግዲህ ከመጀመሪያው አንሥቶ ኮምፒውተር የሚያሰማን ድምፅ የሙቀት ድምፅ ነው። እጃችንን ከቁልፉ ላይ ብናነሣ አይቆምም። የምናስበውንም የምናንቀላፋውንም ሰዓት እኩል ይሞላዋል።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ አየር መንገድን ጨምሮ ጥቂት መሥሪያ ቤቶች የአይቢኤም የሒሳብ ማሽኖችን ሲያስገቡ፣ እነዚያ ማሽኖች የራሳቸው ክፍል፣ የራሳቸው በርና የራሳቸው ሠራተኞች ነበሯቸው። ጩኸቱ በር ተዘግቶበታል። የግል ኮምፒውተር ዘመን ያመጣው ለውጥ እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ በሩን አልፎ ወጥቶ ከሰው ክርን አጠገብ ተቀመጠ፤ ሙቀቱንና ድምፁንም ይዞ መጣ።

አምራቾቹ ይህን አልዘነጉትም። ስቲቭ ጆብስ የፋን ድምፅ አይወድም ነበርና እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው አፕል ሦስት ያለ ፋን ተሠራ። ማሽኑ ይግል፣ ቺፖቹም ከመቀመጫቸው ይላቀቁ ጀመር። ኩባንያው ደንበኞቹን ማሽኑን ጥቂት ከፍ አድርገው መልሰው በጠረጴዛው ላይ እንዲጥሉት ይመክር እንደ ነበር የዘመኑ ሰዎች ይናገራሉ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1981፣ የወጣው የአይቢኤም ፒሲ በኃይል ማከፋፈያው (በፓወር ሰፕላዩ) ውስጥ ፋን ነበረው፤ ይጮህ ነበር፤ ይሠራም ነበር። ዓለም የተከተለው ሁለተኛውን ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሙቀት ሩጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የመጀመሪያዎቹ ፔንቲየሞች ከ13 እስከ 16 ዋት ያህል ይወስዱ ነበር፤ ያን ጊዜ ይህ ብዙ ተብሎ በፕሮሰሰሩ ላይ ፋን መትከል እየተለመደ ሄደ። በ2004 የወጣው ፕሬስኮት የተባለው የፔንቲየም 4 ትውልድ በአንዳንድ ሞዴሎቹ 115 ዋት ደረሰ። በዚያው ዓመት በግንቦት ኢንቴል ተከታዩን ዕቅድ ሰረዘው፤ ሙቀቱ ከሚታገሡት በላይ ሆኖ ነበርና። በ2006 የወጣው ኮር 2 ዱዎ በ65 ዋት ከቀዳሚው የተሻለ ሥራ ሠራ። በእነዚህ ዓመታት አካባቢ በአውሮፓና በአሜሪካ ጸጥታ ራሱን የቻለ ሸቀጥ ሆነ። ትልልቅና ቀስ ብለው የሚዞሩ ፋኖች፣ የጎማ ማሰሪያዎች፣ ድምፅ የሚውጡ ሣጥኖች ገበያ ወጡ። ዋጋቸውም እንደ ስማቸው ነበር።

ወደ እኛ ገበያ የሚመጣው ማሽን ግን ለጸጥታ የከፈለ ሰው የገዛው አይደለም። በመርካቶ የምናገኘው ያገለገለ ዴስክቶፕ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኮምፓክ፣ አንድ ድርጅት በጅምላ ገዝቶ ጥቂት ዓመታት ሠርቶበት በአዲስ የተካው የቢሮ ዕቃ ነው፤ ብዙውም በዱባይ በኩል አልፎ ይደርሰናል። የመጀመሪያ ቤቱ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ጣሪያው ድምፅ በሚውጥ ሰሌዳ የተሸፈነ፣ አየሩ የተጣራ ቢሮ ነበር ብለን መገመት እንችላለን። በዚያ ክፍል ያ ፋን ምናልባት ማንንም አላስቸገረም። እኛ ያንኑ ማሽን በሲሚንቶ ወለል፣ በልስን ግድግዳና በቆርቆሮ ጣሪያ መካከል እናስቀምጠዋለን። ድምፁ የሚያርፍበት አጥቶ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። ማሽኑ ሲሸጥልን አቧራውና የደረቀው ቅባቱ አብረው ተሸጠውልናል፤ ሻጩ የሚያሳየን ራሙንና ኃርድ ዲስኩን ነው። እኔ ሻጭን አልወቅስም፤ ገዥውም ስለ ድምፅ ጠይቆ አያውቅም።

አሁን ወደ ከተሞቻችን ልምጣ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል፤ ለዚህ ጉዳይ ግን አስተዳደራቸው ሳይሆን ከፍታቸው ይበልጣል። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ቡራዩ ወደ 2,600፣ ሱሉልታ ወደ 2,700 ሜትር ይጠጋሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሯጮቻችን ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚለማመዱት ለዚሁ ስስ አየር ሲሉ ነው። ፋን ግን ሯጭ አይደለም፤ ልምምድ አያጠነክረውም። ሙቀት የሚወሰደው በአየሩ ክብደት ነውና፣ አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ፋኑ ፈጥኖ መዞር አለበት፤ ፈጥኖ ሲዞር ይጮኻል። የመረጃ ማዕከል መሐንዲሶች የሚከተሉት የአሽሬ መመሪያም ከ900 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ከሚፈቀደው የክፍል ሙቀት አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። ለሱሉልታ ስድስት ዲግሪ ማለት ነው። ደግነቱ ከፍታው የወሰደውን ብርዱ ይመልሳል፤ ሱሉልታ ላይ ሠላሳ አምስት ዲግሪ የሚሆን ክፍል ማን አየ? ስለዚህ ተፈጥሮ አልጨከነችብንም። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ማሽኑ ውስጥ እንዲገባ መንገድ መክፈት ብቻ ይቀረናል።

(ቀድሞ ለማያውቅ ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልጨምር። የሚሽከረከረው ኃርድ ዲስክ አንባቢ ራስ በአየር ትራስ ላይ ተንሳፎ የሚሄድ ስለሆነ፣ ብዙ አምራቾች የሥራ ከፍታውን 3,048 ሜትር ላይ ይገድባሉ። የእንጦጦ ጫፍ ከዚህ ይበልጣል። ሱሉልታ ከወሰኑ በታች ናት፤ ብዙ ግን አትርቅም።)

መንገዱን የሚዘጋው አቧራ ነው። በበጋ፣ በተለይ አስፋልት ባልደረሰባቸው የቡራዩ መንደሮች፣ ጠዋት የተጠረገ መስኮት ማታ ጣት ያስጽፋል። እኔም የቡራዩ ነዋሪ ነኝና ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። አቧራው በፕሮሰሰሩ ላይ ባሉት የብረት ክንፎች መካከል ገብቶ እንደ ብርድ ልብስ ይተኛል፤ ፋኑ በሙሉ ኃይሉ የሚነፍሰው አየር ክንፉን ሳይነካ ይመለሳል። የምንሰማው ጩኸት የማይሳካ ድካም ድምፅ ነው።

ይህ ለምን የታሪክ መምህርን ያሳስባል? የሚያሳስበኝ በሰበታ ምክንያት ነው። በሰበታ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተመሠረተው መርሐ ዕውራን የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ለአገሪቱ ብዙ ምሁራንን አፍርቷል፤ ከዚያ ወጥተው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ተማሪዎችን እኔም አስተምሬያለሁ። ለእነርሱ ኮምፒውተር የሚነበበው በጆሮ ነው። ጆስ የተባለው ስክሪን ሪደር እ.ኤ.አ. በ1989 ለዶስ ወጣ፤ መሥራቹ ቴድ ሄንተር በመኪና አደጋ ዓይኑን ያጣ ሰው ነበር። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ሁለት አውስትራሊያውያን ዓይነ ስውራን ወጣቶች የጀመሩት ኤንቪዲኤ በነጻ ይገኛል። እንግዲህ ሶፍትዌሩ በነጻ መጣ፤ ድምፁ የሚሰማበት ጸጥታ ግን አብሮ አልመጣም።

የፋን ድምፅ እንደ ንፋስ የተበተነ ሹክሹክታ ነው፤ በባሕርዩ የእኛን «ሰ» እና «ሸ» ይመስላል። ስለዚህ ቀድሞ የሚሸፍነው ደካሞቹን ተነባቢዎች ነው። ለሚያይ ተማሪ «መታ» እና «መጣ» በገጹ ላይ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ከማሽን አፍ፣ በፍጥነት፣ በፋን ጩኸት ውስጥ ለሚሰማ ተማሪ ግን ልዩነታቸው አንዲት የምላስ ምት ናት። እርሷ ከጠፋች ዓረፍተ ነገሩን መልሶ ማዳመጥ አለበት። የሚያየው ጓደኛው አንዴ ያነበበውን እርሱ ሦስቴ ይሰማል፤ የፈተናው ሰዓት ግን ይቆጠራል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር እየተሰጠ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ጆሮ ማዳመጫ ይረዳል፤ ነገር ግን የፈታኙን ማሳሰቢያም ያስቀራል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሰዓታት መስማትም ለጆሮ ሌላ ዕዳ ነው።

ቁጥሩን እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ በመማሪያ ክፍል ውስጥ የጀርባ ድምፅ ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። አንድ ኮምፒውተር ብቻውን 35 ዴሲቤል ቢያሰማ፣ ሃያ እንደርሱ ያሉ በአንድ ክፍል ሲበሩ ድምሩ ወደ 48 ይደርሳል፤ የክፍሉ ባዶ ግድግዳ የሚጨምረውን ሳንቆጥር። የዴሲቤል ሒሳብ ግን የሚያስደስት ገጽም አለው። የፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ ጆሯችን አሥር ዴሲቤልን እንደ ግማሽ ስለሚቆጥረው ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። ሁሉም ሥራችን ወደዚህ አንድ ግብ ይሄዳል፦ ፋኑ ቀስ ብሎ እንዲዞር ምክንያት መስጠት።

ምክንያቱን የሚሰጡት ነገሮች ርካሽ ናቸው። ቀዳሚው ጽዳት ነው። ሣጥኑን (በገበያ ቋንቋ በጅምላ «ሲፒዩ» የምንለውን) ከመብራት ነቅሎ፣ ጎኑን ከፍቶ፣ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ አቧራውን መጥረግ። ጎሚስታ ዘንድ ወስደው በኮምፕሬሰር የሚያስነፉ ሰዎች አሉ፤ ክፉ ሐሳብ አይደለም፤ ሆኖም የኮምፕሬሰር አየር ውኃ ይዞ ስለሚወጣ መጀመሪያ ወደ ውጭ ማስነፋት፣ ከሩቅ ማድረግ፣ ፋኑንም በጣት ይዞ እንዳይሽከረከር መከልከል ያስፈልጋል። በአየር ኃይል ያለ ልክ የተሽከረከረ ፋን ዘንጉ ይጎዳል። ቀጥሎ የሚመጣው በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል ያለው ቅባት፣ ቴርማል ፔስት የምንለው ነው። አሥር ዓመት ባለፈው ማሽን ላይ ብዙውን ጊዜ ደርቆ ኖራ ይመስላል። አሮጌውን በአልኮል ጠርጎ በሩዝ ፍሬ መጠን አዲስ ማድረግ ነው፤ ትንሿ መርፌ ለብዙ ማሽን ትበቃለች። ከነዚህ ሁለቱ በኋላ በብዙ ማሽን ላይ ፋኑ ራሱ ዝግ ይላል፤ ማንም ሳያዝዘው።

ከዚህ በኋላም የሚንቋቋ ድምፅ ከተሰማ ዘንጉ ደርቋል ማለት ነው። እዚህ ላይ ከልብስ ሰፊዎቻችን የምንማረው አለ። በየበረንዳው የሚሠሩ ሰፊዎች አንድን ሲንጀር ከአባት ለልጅ ያሻገሩት በአንዲት የዘይት ጠብታ ነው። ያችው የስፌት መኪና ዘይት፣ በፋኑ ጀርባ ያለውን ወረቀት ገለጥ አድርጎ አንድ ጠብታ ብቻ፣ ተራ ዘንግ ያላቸውን ፋኖች ለወራት ዝም ታሰኛለች። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ይሙጫል። ፋኑን መለወጥ የግድ ከሆነም ሶኬቱን ማየት ይገባል፤ አንዳንድ የዴል ሞዴሎች የራሳቸው መሰኪያ አላቸው፤ ተራ ፋን ሲገጠምላቸው በየመክፈቻው ያስጠነቅቃሉ።

ገንዘብ ጨርሶ የማይጠይቀው ደግሞ በዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ ማውረድ ነው። አንድ በመቶ ምን ይለውጣል ትሉ ይሆናል። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ቱርቦ የሚባለውን ፍጥነት የሚከፍቱት 100 ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ያች አንድ በመቶ ሙቀቱን በእጅጉ ትቀንሳለች፤ ጽሑፍ ለሚጽፍ ሰው የሚታይ ዝግታም የለውም። ሣጥኑን ከባዶ ወለል አንሥቶ ከአሮጌ የመኪና የውስጥ ጎማ በተቆረጡ አራት ቁራጮች ላይ ማስቀመጥ የጠረጴዛውንና የወለሉን ንዝረት ይቆርጣል። ጀርባውን ከባዶ ግድግዳ ፊት ለፊት ማድረግ ጩኸቱን ወደ እኛ ይመልሰዋል፤ እዚያ ግድግዳ ላይ ወፍራም መጋረጃ ወይም የመጽሐፍ መደርደሪያ ካለ ይውጠዋል። ገንዘብ ሲገኝ የመጀመሪያው ግዢ ኤስ ኤስ ዲ ይሁን። የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ድምፅም፣ የከፍታ ሥጋትም የለበትም፤ ማሽኑንም ያፈጥናል። ከጸጥታ ጋር ፍጥነትን አብሮ የሚሰጥ ሌላ ዕቃ አላውቅም።

ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። የቤታችን ልማድ ሆኖ ዕቃን በዳንቴል ማልበስ እንወዳለን፤ ኮምፒውተር እየሠራ ዳንቴል አይለብስም፤ ድምፁን ለማፈን ቁም ሣጥን ውስጥም አይዘጋበትም። የታፈነ ማሽን መጀመሪያ ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከበፊቱ ይብሳል። ሁለተኛው ከባድ ነው። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ራሱን አትክፈቱ። ከመብራት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ የሚገድል ኃይል ሊቆይ ይችላል። እርሱ ሲጮህ ባለሙያ ዘንድ ይሂድ ወይም ይለወጥ።

እርግጥ መብራት ጠፍቶ የጎረቤት ጀነሬተር ሲነሣ፣ የዩፒኤሱም ጩኸት ሲጨመርበት፣ ይህ ሁሉ ጥረት ከንቱ መስሎ የሚታይበት ማታ አለ። በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ልጇን አስተኝታ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትጽፍ ተማሪያችን ግን በጀነሬተሩ ላይ ሥልጣን የላትም፤ በፋኑ ላይ አላት።

በመጨረሻ ለዩኒቨርሲቲያችን የግዢ ኮሚቴ አንድ ሐሳብ አለኝ። ያየኋቸው የኮምፒውተር ጨረታ ሰነዶች ስለ ፕሮሰሰር፣ ስለ ራም፣ ስለ ስክሪን ስፋት በዝርዝር ይጠይቃሉ፤ ስለ ድምፅ አንድ መስመር የላቸውም። ታዋቂዎቹ አምራቾች ግን አይኤስኦ 7779 በሚለው ደረጃ ለክተው፣ በአይኤስኦ 9296 መሠረት የየሞዴሉን ድምፅ ያሳውቃሉ። ቁጥሩ ተጽፎ አለ፤ የሚጠይቀው ጠፍቶ ነው። በሚቀጥለው ሰነድ ላይ ይህ አንድ መስመር እንዲጨመር፣ ለነባሮቹ ማሽኖችም በየዓመቱ የበጋው አቧራ ሲያበቃ፣ ከሰኔ ፈተና በፊት፣ የጽዳት ሳምንት እንዲመደብ ሐሳቤን በጽሑፍ አቀርባለሁ። ከሰበታ የመጡት ተማሪዎቻችን ዛሬ ከፊት ተቀምጠዋል፤ የጥያቄውን ጊዜ በእነርሱ እንድንጀምር ሰብሳቢውን እለምናለሁ።